የወንዝ ዳሩ አኻያና የቂሬው እንጨት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ከመርሳው ጽሕፈት ቤት ስወጣ የተረከብኩት አንድ የውሃ ልክ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎና ልክ የተጻፈባቸው ሁለት ዘንጎች ነበር። ጫማዬን አታንሱት። ወልድያ ተወልጄ ወልድያ ያደግሁ የመካኒክ ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ጭቃ ከአባቴ ጋራዥ ደጃፍ ያለውን፣ ዘይት የጠጣውን ነው። «የልማት ጣቢያ ሠራተኛ» ተብዬ ስመደብ ጣቢያ የሚባለው ነገር ቢያንስ ጣሪያ ይኖረዋል ብዬ ነበር። ጣሪያ የለውም። እስከ ግራና በጭነት መኪና ሄድኩ፣ ከዚያ በእግሬ ቁልቁል ወርጄ ሾላ ሜዳ የምትባል ጎጥ ደረስኩ። ጣቢያዬ እሷው ነበረች።

ሾላ ሜዳ ወንዙ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳ የሚያገኝበት ቦታ ላይ ናት። በበጋ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም። ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብ ግን ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣና ሜዳው ላይ ሲደርስ እንደተዘረጋ እጅ ጣት ጣት ሆኖ ይበተናል። ዘንድሮ በዚህ ጣት ከወረደ ለከርሞ በሌላው ነው። ጥሎት የሚሄደው ደለል ማሽላውንም ሽንኩርቱንም ብርቱካኑንም ያበቅላል። ያው ደለል ሲበዛ ደግሞ ማሳ ይቀብራል፣ ቤት ይገባል። የእኔ ሥራ ደለሉ እንዲመጣ፣ ጎርፉ ግን ቤት እንዳይገባ ማድረግ ነበር። አንድ የውሃ ልክና አንድ ጥቅል ሲባጎ ይዤ!

መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው አያ እንድሪስን ነው። የጎጡ የቂሬ ዳኛ ናቸው። ቂሬ ለማታውቁ፣ እኛ ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ጎጡን አንድ ላይ የሚያቆመው ማኅበር ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቂሬ ነው። ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ እንጨት ይሸከማል፤ ሴቷ የሚበላ ነገር ይዛ ለቅሶ ቤት ትገባለች። ከቂሬ የወጣ ሰው ሬሳውን የሚያነሳለት አያገኝም። ስለዚህ ቀበሌን የማይፈራ ሰው ሞልቷል፣ ቂሬን የማይፈራ ግን እስካሁን አላየሁም።

«ወንዙን እንድታስቆሚ የተላክሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ፣ ከራሴ እስከ እግሬ እያዩ።

«የምታስቆሙት እናንተ ናችሁ አያ። እኔ ልኩን እነግራችኋለሁ» አልኳቸው። ምላሴ ያኔም አጭር አልነበረም።

ሳቁ። «ምላስስ አለሽ። ጫማ ነው የሌለሽ» ብለው ባለቤታቸውን ተጣሩ። እመት ከድጃ ወጡ፤ እግሬን አይተው አንድም ቃል ሳይናገሩ የራሳቸውን ጎማ ጫማ አውልቀው ሰጡኝ። ሁለት ቁጥር ይሰፋኝ ነበር። እሱን እየጎተትኩ ነው ሥራ የለመድኩት።

አለቃዬ አቶ ታደሰ ነበሩ፣ የወረዳው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ቡድን መሪ። ኮስታራ ናቸው፤ ፈገግ ካሉ ወሩን ሙሉ ይወራል። ሥራቸውን ግን አብጠርጥረው ያውቃሉ። የመጀመሪያው ክረምት ወንዙ የሁለት ሰው ማሳ ጠርጎ ሲሄድ እየሮጥኩ መርሳ ገባሁና ጋቢዮን ይሠራልን አልኳቸው። ጋቢዮን ያው በሽቦ መረብ የታሰረ የድንጋይ ግንብ ነው። ከላይ፣ ገደሉ ሥር ተሠርቶ አይቼ ልቤ ሄዶ ነበር።

አብረውኝ ወረዱ። ወንዙ ዳር ቆመው «ዘንግሽን ትከዪ» አሉኝ። ተከልኩ። «ግፊው።» ገፋሁ። ዘንጉ እየሰመጠ ሄዶ እጄ አሸዋ ነካ።

«የት ደረሰ?»

«አልደረሰም፣ አቶ ታደሰ።»

«ጋቢዮንሽም አይደርስም። ላይ፣ ገደሉ ሥር አለት አለ፣ ግንቡ እግሩን የሚያሳርፍበት። እዚህ ያለው አሸዋ ነው። ውሃው ከሥሩ ይበላውና ሽቦሽ ተገልብጦ ይተኛል።»

«ታዲያ በምን እናቁመው?»

«ሥር ባለው ነገር። ውሃው በቆፈረ ቁጥር ወደ ታች በሚወርድ ነገር።»

በልግ ሲገባ አኻያ መትከል ራሳቸው አስተማሩኝ። አኻያ ወንዝ ዳር ሳይተከል የሚበቅለው ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉን ቆርጠህ ብትሰካው ይበቅላል። ግን አሰካኩ ልክ አለው። ከአውራ ጣት የወፈረ፣ ክንድ ከነእጅ የሚሆን ቅርንጫፍ ቅጠል ሳያወጣ ይቆረጣል። ሥሩ በሰያፍ፣ ራሱ ቀጥ ብሎ፤ ካልሆነ ተካዩ የቱ ራስ የቱ እግር እንደሆነ ይጠፋዋል፣ ተገልብጦ የተተከለም አይጸድቅም። በብረት መዶሻ አይመታም፣ ይሰነጠቃል። በእንጨት መዶሻ ቀስ ተብሎ፣ አብዛኛው አካሉ መሬት እስኪገባ ይመታል። ራሱ ወደ ወንዙ መውረጃ ትንሽ ዘንበል ይላል። «ለምን ዘንበል?» ስላቸው «ውሃ ሲመጣ እንዲተኛ። የሚተኛ ነገር አይሰበርም» አሉኝ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልነበራቸውም፣ እኔም አላስፈለገኝም።

ከአኻያው ኋላ ሸምበቆና የዝሆን ሣር ገባ። ከዚያ ኋላ፣ ወደ ቤቶቹ በኩል፣ ሽውሽዌና ግራር። ሐሳቡ ጎርፉን መገደብ አይደለም። ጎርፉ ይገባል፣ ግን እየተጋፋ ይገባል፤ ሲጋፋ ጉልበቱን ይተዋል፣ ጉልበቱን ሲተው የተሸከመውን ደለል እዚያው ያራግፋል። ደለሉ ዳሩን ከፍ ያደርገዋል። ዳሩ ከፍ ሲል ሥሩ ይከተላል። ይህን ለገበሬ ማስረዳት ቀላል ነበር፤ የከበደኝ ላሟን ማስረዳት ነው። አንድ ሌሊት የገባች ላም የወር ሥራችንን ትበላለች።

ስለዚህ ሕግ አስፈለገ። ጎጡ ተሰበሰበ። ከብት አይገባም፣ መጥረቢያ አይገባም፣ ሣሩ በማጭድ ታጭዶ በሸክም ይወጣል። ያፈረሰ ከቂሬ ይወጣል። ሁሉም እሺ አለ። ተነሥተን ልንሄድ ስንል አያ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ ታደሰ፣ አንድ ነገር ቀርቷል። ሰው ሲሞትብን መቃብሩ ላይ የምንረበርበው እንጨት ከዚሁ ወንዝ ዳር ነው። ሌላ ደን የለንም። አሁን ይሄን ከከለከላችሁን ሙታችንን በምን እንክደን?»

እኔ አንድ ነገር ልል አፌን ስከፍት አለቃዬ በዓይናቸው ዘጉኝ። «የኋለኛው ረድፍ የቂሬው ይሁን» አሉ። «ሰው ሲሞት ቂሬው ብቻ፣ ለሟች የሚያስፈልገውን ያህል ከኋላ ረድፍ ይቁረጥ። የፊተኛው አይነካም።» አያ እንድሪስ እጃቸውን ዘረጉ፣ ተጨባበጡ። ዱዓ ተደረገና ተበተንን። ጥሩ ስምምነት ነበር። ሞት በየጊዜው አንዳንድ ነው፤ የተቆረጠው ግራርም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በምትኩም ይተከላል። ለብዙ ዓመት ሠራ።

እነዚያን ዓመታት ስናገር ደስ ይለኛል። አኻያው ከእኔ በለጠ፣ ከቤት በለጠ። ንብ ገባበት። ከብት ታስሮ ሣር እየታጨደለት ወተት ጨመረ፤ ጎረቤት ጎጦች ልጃቸውን ለሚስትነት ሲጠየቁ እንኳ «የሾላ ሜዳ ሰው ነው» ብለው መስጠት ጀመሩ። ክረምት ሲመጣ ዳር ቆሜ ድምፁን እሰማ ነበር። ከላይ እያጓራ የመጣው ጎርፍ አኻያው ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይቀንሳል። ከኋላ ሲወጣ ጉልበት የሚደርስ፣ ቡናማ፣ ሰላማዊ ውሃ ነው። ገበሬው በቦይ ወደ ማሽላው ይመራዋል። እሰይ! እላለሁ ብቻዬን፣ እንደ እብድ። እኔ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛነት ወደ ሱፐርቫይዘርነት አለፍኩ፣ ከዚያም መርሳ ላይ የወረዳ ባለሙያ ሆንኩ። ዓመት ዓመት ግን ወርጄ ረድፌን ሳላይ አልከርምም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

የመጣው ክረምት ላይ ነው፣ ወንዙ በሚሞላበት ወር። መጀመሪያ ከሰሜን የሸሸ ሰው መንገዱን ሞላው፤ ፍራሽ በራሱ፣ ልጅ በጀርባው። ቀጥሎ የመድፍ ድምፅ ቀረበ። መርሳ ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ። አቶ ታደሰ ጡረታ ወጥተው ደሴ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ፤ ስልክ ከመጥፋቱ በፊት ደውለው «ወደ ደቡብ ውጪ» አሉኝ። ውርጌሳ ድረስ ሄጄ መንገዱ ተዘጋብኝ። የት ልሂድ? እግሬ የሚያውቀውን መንገድ ይዞ ሾላ ሜዳ ወረደ። እመት ከድጃ በራቸው ላይ አዩኝና «አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ። ዛሬስ ጫማ አድርገሻል» አሉኝ። ሳቄና እንባዬ አብሮ መጣ።

ጎጡ ውስጥ ወፍጮ ቆሟል፣ ጤና ኬላው ባዶ ነው፣ ግራና ገበያ የለም። ታጣቂ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ግን ሰው በጦርነትም ቢሆን ያጭዳል፣ ያርማል፣ ይሞታል። ሞቱ በዛ። ስኳር ያለበት መድኃኒት አጥቶ ሞተ። ወላድ ሞተች። መንገድ ላይ የነበረን ሰው የባከነ ጥይት አገኘው። ከተፈናቀሉትም መካከል የሞቱ ነበሩ፤ ቂሬው «እንግዳ ነው» ሳይል እንደራሱ ሰው ቀበራቸው። ይህን ዓይኔ እያየ ነው። የአገሩ ሰው ያልሆነውን፣ ስሙን በወጉ የማያውቁትን ሽማግሌ ታጥበው፣ ከፍነው፣ ተሸክመው፣ መቃብሩ ላይ እንጨት ረብርበው ቀበሩት።

እንጨቱ ነው ነገሩ። ለእያንዳንዱ ሟች ከወንዝ ዳር ይቆረጣል። የኋለኛው ረድፍ እየሳሳ ሄዶ አለቀ። አንድ ጠዋት ስወርድ መጥረቢያው ወደ ፊተኛው አኻያ ደርሷል። ወንዙ በሚታጠፍበት ክርን ላይ፣ ከታች ያሉት ቤቶች ትክክል፣ በር የሚያህል ክፍተት ተከፍቷል። ጎርፍ በዚያ ከገባ ከኋላ የተረገጠ ሸምበቆ እንጂ የሚይዘው ዛፍ የለም። ቀጥታ ሰው ቤት ነው። ወሩ ደግሞ የጎርፍ ወር ነው፤ ደጋው ላይ በየቀኑ ይዘንባል። ከቤቶቹ ሰው ይውጣ እንዳንል፣ መውጫ መንገዱ ሁሉ ጦርነት ነው።

አያ እንድሪስን አግኝቼ ተናገርኩ። «አያ፣ ይሄ ክርን ካለቀ ጎጡን ውሃ ይበላዋል። አንድ ጎርፍ ይበቃዋል። እኔ እያጋነንኩ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይከለክሉም? ዳኛው አንቱ ነዎት!»

ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋደሙና ተቀመጡ። ደክሟቸው ነበር። «ልጄ፣ ትናንት አንዱ ሚስቱን ቀበረ። ለጎረቤትህ እናት እንጨት ቆርጠናል፣ ለሚስትህ ግን አይቆረጥም ልበለው? በሰው ሐዘን ላይ ሕግ ላውጣ? እኔ በሌላው ሬሳ ላይ ቆሜ ብከለክል የሚሰማኝ የለም፣ መስማትም የለበትም።»

«እንግዲያ እስከ መቼ?»

«አላህ ያውቃል» አሉ። ተናድጄ ሄድኩ። ወገቤን ይዤ ወንዝ ዳር ቆሜ ለራሴ ብዙ ተናገርኩ፣ አሁን የማልደግመውን።

ጀማል የአያ እንድሪስና የእመት ከድጃ ትንሹ ልጅ ነው፤ ሲስቅ ከማዶ የሚሰማ፣ የመስኖውን ቦይ የሚጠብቅ ጎልማሳ። ሁለት ልጆች አሉት። አንድ ከሰዓት ቦዩን ሊዘጋ እንደወረደ ከላይ የተተኮሰ ከባድ መሣሪያ ሜዳው ላይ አረፈ። እየሮጡ ሲደርሱ አልቆ ነበር። በቃሬዛ ሲያመጡት እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። እመት ከድጃ አልጮኹም። «ኢና ሊላሂ» ብለው ቁጭ አሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ጩኸታቸው የመጣው።

ሬሳው እስኪታጠብ ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሞላ የሚባል የጎጡ ሰው፣ አይሱዙ ነጂ፣ መጥረቢያ ይዞ ቀድሞ ተነሣ። ሞላ ክርስቲያን ነው፤ እናቱን በዚያው ወር ቀብሮ ነበር። ሌሎቹም መጥረቢያቸውን አንሥተው ተከተሉት። አያ እንድሪስ ከቤት ወጥተው በሩን ዘግተው ቆሙ።

«ወዴት ነው?»

«እንጨት ልናመጣ ነዋ፣ አያ» አለ ሞላ።

«መጥረቢያውን አስቀምጡት። እንጨት አይቆረጥም።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ወንዝ ውረዱና ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጡ። ልጄ በድንጋይ ይከደን።»

ሞላ መጥረቢያውን እንደያዘ ማልቀስ ጀመረ። «አያ፣ ይሄ አይሆንም! እናቴን በእንጨት ነው የከደናችሁልኝ። አንቱ ራስዎ ነዎት የተሸከሙት። ለጀማል እንዴት እኔ ድንጋይ እሸከማለሁ?»

«እናትህን ስንቀብር እንጨት ነበረን፣ ሞላዬ» አሉት። ድምፃቸው አልተነሣም። «አሁን የቀረን የወንዙ ክርን ነው። ከሱ ታች ባሉት ቤቶች የስንቱ ልጆች ያድራሉ፣ የጀማልም ሁለቱ። እኔ ይሄን ነገር ልል ፈልጌ በሰው ሬሳ ላይ ማለት አቅቶኝ ከረምኩ። አሁን የራሴ ነው፤ ማንም ጨከነ አይለኝም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጎጥ ሰው በድንጋይ ይከደናል። ከልጄ ይጀምራል።» ከዚያ ወደ ሞላ ቀረብ ብለው መጥረቢያውን ከእጁ ወስደው ግድግዳ ሥር አስቀመጡት።

ሞላ መጀመሪያ ወንዝ ወረደ። ሁሉም ተከተለው። ድንጋዩን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አወጡት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከሩቅ ቆሜ አየሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ብልህ ሰው፣ ብዙ የተማረ ሰው፣ ብዙ ጀግና አይቻለሁ። የዚያን ቀን አያ እንድሪስን ያከበርኳቸውን ያህል ሰው አክብሬ አላውቅም፤ ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ።

ሲመለሱ እመት ከድጃ ጠየቁ። «በምን ከደናችሁት?»

አያ እንድሪስ ራሳቸው «በድንጋይ» አሉ።

«በልጄ ላይ ድንጋይ ጫናችሁ?» አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልየው ሲገቡ እሳቸው ይወጣሉ። እኔንም አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝና «አንቺ ነሽ። አንቺና ዛፍሽ» አሉኝ። ምን ልበላቸው? የጎማ ጫማ አውልቀው የሰጡኝ ሴት ናቸው። እንስራቸውን አንሥቼ ውሃ ልቀዳላቸው ወረድኩ።

ቂሬው ሌላ ሥራ ያዘ። ሰው ሐዘኑን ይዞ በየቀኑ ወደ ክርኑ ወረደ። ጆንያ ያለው ጆንያ አመጣ፤ አሸዋ ሞላንበት። የግራር እሾህ ከላይ ተራራ አወረድን። ክፍተቱን በእሾህና በጆንያ ደፈንነው፣ በመሐሉ አኻያ ሰካን። ወቅቱ አልነበረም፤ አቶ ታደሰ ቢያዩኝ ይቆጡኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ጦርነቱም ወቅቱን አልጠየቀኝም። ሞላ የአይሱዙውን ሸራ አምጥቶ ከጆንያው ፊት ዘረጋልን። መኪናዋ ነዳጅ አጥታ ቆማለች፤ «ሸራዋ እንኳ ትሥራ» አለ።

ጎርፉ የመጣው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ደጋው ጥቁር ብሎ ነበር፣ እኛ ላይ ግን ፀሐይ አለች። መጀመሪያ ድምፁን ሰማን፤ የተፈናቀሉት ሰዎች መድፍ መስሏቸው ተኙ። «ወንዝ ነው! ወንዝ ነው! ተነሡ!» እያልኩ ሮጥኩ። ሕፃናትና አረጋውያን ወደ ከፍታው ወጡ። እኛ ክርኑ አጠገብ ቆምን። ከመቆም በቀር የምንሠራው ነገር አልነበረም።

ቡናማው ውሃ ግንድና ድንጋይ ተሸክሞ ደረሰ። የፊተኛውን አኻያ መታው። አኻያው በሙሉ ተኛ፤ ውሃው ከላዩ ሄደ፣ አንድም ቅጠል አይታይም። አለቀ አልኩ። ክፍተቱ ላይ ሸራው ተቀደደ፣ ጆንያው አንድ በአንድ ይነቀል ጀመር። ውሃ ገባ። የአያ እንድሪስን ብርቱካን አንድ ጥግ ጠረገው። የጎረቤታቸውን ማሽላ አስተኛው። ወደ ቤቶቹ ሲሄድ ግን ግራና ቀኝ ያልተቆረጠው ሸምበቆ ጠበቀው፤ ግንዱን ያዘ፣ ቅጠሉን ያዘ፣ ራሱን በራሱ እያጠረ ሄደ። ውሃው ዘገየ። ቤቶቹ ደጃፍ ሲደርስ ቁርጭምጭሚት ነበር። የአንዲት ሴት ዶሮ ቤት ውስጥ ገባና ዶሮዎቹን አስጮኸ። ከዚያ አልገፋም።

ውሃው ጎድሎ አኻያው ጭቃ እንደለበሰ ቀስ እያለ ቀና ሲል ያየው ሰው ሁሉ ጮኸ። «አልሃምዱሊላህ!» ይላል፣ «ተመስገን!» ይላል። ሞላ አንሥቶ አቀፈኝ። አያ እንድሪስ አልጮኹም፤ ወደ መቃብሩ በኩል ዞረው ቆመው ነበር።

እመት ከድጃ ከከፍታው ላይ የጀማልን ሁለት ልጆች በሁለት እጃቸው ይዘው ወረዱ። ቤቶቹን አንድ በአንድ አዩ። የተኛውን ማሽላ አዩ። አኻያውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ ባላቸው ሄደው «እንድሪስ፣ ና እራትህን ብላ» አሉ። አብረው ወጡ።

ጦርነቱ ከዚያም በኋላ ወራት ቆየ። ቂሬው የሞተውን ሁሉ በድንጋይ ከደነ፣ አንድም ሰው እንጨት አልጠየቀም። መንገዱ ተከፍቶ ወደ መርሳ ስመለስ የጽሕፈት ቤቱ በር እንኳ አልነበረም። የወረዳውን ችግኝ ጣቢያ ከባዶ ጀመርን። የመጀመሪያው ችግኝ ሲደርስ እመት ከድጃ ከሾላ ሜዳ በእግራቸው መጥተው ችግኝ ጠየቁኝ።

«ለወንዙ ነው፣ እመት?»

«ወንዙማ የራሱ አለው። ለመቃብሩ ነው፤ ከመቃብሩ በላይ ባለው ደረቅ ቦታ። ሰው እንጨት ሲያስፈልገው እዚያ ይቁረጥ፣ ወንዙን ይተወው» አሉ። አንዱን ችግኝ አንሥተው አዩና፣ «ለኔ ግን አይደለም። እኔን በድንጋይ እንዲከድኑኝ ነግሬያቸዋለሁ። እንደ ልጄ።»

ሰጠኋቸው። ሞላ ጭኖ አደረሰላቸው። እንዴት እንደሚተከል ላሳያቸው አብሬ ወረድኩ፤ የቂሬው ሰው ሁሉ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠበቀን።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት ባለሙያዎች አልፎ አልፎ ወንዝ ዳር ይወስዱኛል፣ የውሃ ልክ ይሰጡኛል፣ የሚተከለውን ይጠይቁኛል። አኻያው ከፊት፣ ሸምበቆና የዝሆን ሣሩ ከመሐል፣ ዛፉ ከኋላ እላቸዋለሁ። ቀጥዬ የጎጡን ሰው «ሰው ሲሞትባችሁ እንጨት ከየት ታመጣላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ወጣቶቹ ያፍሩብኛል፣ ሟርተኛ ነገር ያስመስለኛል። መልሱ «ከወንዝ ዳር» ከሆነ ግን ሥራው አልተጀመረም። ለቀብር የሚሆነውን እንጨት መጀመሪያ ለብቻው፣ ከወንዙ አርቃችሁ ትከሉ።